በኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ ስለሚታዩ ምልክቶችና ስለ ቅጽ አሞላል በካምፓላ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር



በካባላጋላና በካንሳንጋ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍታችሁ የምትኖሩ ወገኖች፣ እንዲሁም በየጽሕፈት ቤቱ ባለጉዳይ የምታስተናግዱ ሹማምንትና ጸሐፊዎች፣ የዛሬው አርእስቴ በኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ምን ሥራ እንደሚሠሩ ማስረዳት ነው። ነገሩ የልጆች ትምህርት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የዩጋንዳ ቪዛ ከ2016 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ሆኗል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም በገቢዎች ባለሥልጣን ድረ ገጽ ይጠየቃል፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴም ከ2021 ጀምሮ ደረሰኙን በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሰጥ ታዟል። ስለዚህ ምልክቶቹን የማያውቅ ሰው ጉዳዩን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው።

በአገራችን በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የታወቀ ነው። ደኅና ጸሐፊ የጻፈውን ለባለጉዳዩ አንብቦ ሳያሰማ ጣቱን ቀለም አያስነካውም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፓስፖርቱንና የይለፍ ቃሉን ካስረከበ በኋላ፣ እርሱ ወደ መንገዱ እያየ ይቀመጣል።

ቀድሞ ኮምፒዩተር የሚታዘዘው በቃል የተጠና ትእዛዝ ሲጻፍለት ብቻ ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን ለጉባኤ አሳየ፤ ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በ1981፣ አፕልም ማኪንቶሽ በተባለው መኪና በ1984፣ የጽሕፈት ጠረጴዛን መልክ በሰሌዳው ላይ በሥዕል አውጥተው ለገበያ አቀረቡ። ማኅደሩም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱም ከቢሮ የተወሰዱ ስለሆኑ የቢሮ ሰው ሊፈራቸው አይገባም።

አሁን ወደ ቅጹ እንግባ። ባዶ ሳጥን በማውስ አንድ ጊዜ ሲነካ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ይልበታል፤ ጽሕፈቱ የሚገባው እዚያ ነው። ክብ ምልክቶች በተደረደሩበት ቦታ የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዞች የሬዲዮ ቁልፍ ይሏቸዋል፣ ምክንያቱም በድሮ የመኪና ሬዲዮ አንዱ ቁልፍ ሲጫን ሌላው ይነሣ ነበርና። አራት ማዕዘን ሳጥኖች ግን ሁለትም ሦስትም ሊመረጡ ይችላሉ፤ ደግሞ ቢነኩት ምልክቱ ይጠፋል። ወደ ታች የሚዘረጋ ዝርዝር ተንኰለኛ ነው። አገርን መርጦ ከጨረሱ በኋላ የማውሱን ጎማ ገጹን ለማውረድ ሲያሽከረክሩት፣ አንዳንድ ጊዜ ገጹ በመውረድ ፈንታ ኢትዮጵያ የነበረው ሳይታይ ወደ ሌላ አገር ይለወጣል። ስለዚህ ከመረጣችሁ በኋላ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ነክታችሁ እለፉ። የደበዘዘ ቁልፍም አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ያልተሞላ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ብዙውንም ጊዜ ቀይ ኮከብ ያለበትን ፈልጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው በገጹ ግርጌ ያለችው ትንሽ ሳጥን ናት። ከአጠገቧ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል ቃል ይገኛል። ይህች ሳጥን ፊርማ ናት፤ የምታስረክበውም ቁልፍ ማኅተም ናት። ቅጹን ሌላ ሰው ቢሞላላችሁ እንኳ እነዚህን ሁለቱን በገዛ እጃችሁ ንኩ፤ ከመንካታችሁም በፊት ከራስጌ እስከ ግርጌ ይነበብላችሁ።

በንባቡ ጊዜ ሦስት ነገር መመርመር ይገባል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው በአባት ስም ነው። በአንዱ ቅጽ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም የጻፈ ሰው በመዝገቡ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ እንደሚለው ብቻ ይጻፍ። የልደት ቀን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በ1981 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት የተወለደ ሰው በቅጹ ላይ የሚጽፈው ጃንዋሪ 19 ቀን 1989 ነው። ሰባት ዓመት ወይም ስምንት ዓመት የሚጨመርበትን ወራት መለየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰዓት ነው። ባጋንዳዎች እንደ እኛው ከንጋት ስለሚቆጥሩ በገበያ አንቸገርም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር፣ 14 ሰዓት ብሎ የሰጠው ቀጠሮ የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

እናንተ በመስኮት በኩል የምታስተናግዱ ደግሞ፣ ሰሌዳውን ወደ ባለጉዳዩ አዙሩለት። የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተሳሳተ ቅጽ ለማረም ግን ባለጉዳዩ ደጋግሞ ይመላለሳል፣ የእናንተም ሰልፍ ይረዝማል።

ቅጹ ከተላከ በኋላ በሰሌዳው ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ይወጣል። ገጹ ሳይዘጋ ቁጥሩን በወረቀት ገልብጡ ወይም አሳትሙ፤ የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ አብራችሁ አስቀምጡ። የይለፍ ቃሉን የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒዩተር እንዳስቀምጥ ትፈቅዳለህን ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ አይሆንም የሚለውን ንኩና ከመለያችሁ ወጥታችሁ ተነሡ።