የቤት ትርኢት በሲኒማ ደጃፍ



ሰው በቤቱ ያለ ክፍያ የሚያየውን ትርኢት ትኬት ቈርጦ በሲኒማ ቤት የሚያየው ስለ ምን ይሆን?

ዘ ኤክስ ፋይልስ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1998 ዓ.ም.፥ ድራማው ገና በመታየት ላይ ሳለ፥ የወጣው ፊልም በዓለም ዙሪያ 189 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። ድራማው በ2002 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ በ2008 ዓ.ም. የቀረበው ሁለተኛው ፊልም ግን 70 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በዚያው ሰሞን የባትማን ፊልም ሲኒማ ቤቶችን አጣብቦ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ስሙም ዋናዎቹ ተዋንያንም ያው ነበሩ። የፊተኛው ድራማው ያንጠለጠለውን ነገር ስለ ቀጠለ ተመልካቹ ተከተለው፤ የኋለኛው ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነበረና የሚጠባበቀው አነሰ።

እንግዲህ የቈየ ስም በር ያስከፍታል እንጂ ወንበር አይሞላም። የሕዝብ ፍቅርም እንደ እሳት ነው፤ ካልቈሰቈሱት ይዳፈናል።