በወሰን ተራራ ላይ መንገድ መምራት
(በፒሬኒስ ስለሚደረገው የብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የፈረንሳይ ዙሪያ የብስክሌት ውድድር በ1910 ለመጀመሪያ ጊዜ በፒሬኒስ ከፍተኛ መተላለፊያዎች ላይ እንዲያልፍ ሲታሰብ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበረው አልፎንስ ስቴኔስ መንገዱን አስቀድሞ እንዲመረምር ተላከ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቱርማሌ ወደሚባለው፣ 2115 ሜትር ከፍታ ወዳለው መተላለፊያ ሲቃረብ መኪናው በበረዶ ክምር ታግዶ ቆመ። ስቴኔስ ወርዶ በእግሩ ቢቀጥል መሸበት፤ በጨለማና በበረዶ ውስጥ መንገድ ስቶ ሲንከራተት ቆይቶ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ማዶ ወዳለው መንደር ደረሰ። ሲነጋ ግን ወደ ፓሪስ በላከው ቴሌግራም ቱርማሌን መሻገሩን፣ መንገዱም እጅግ መልካምና ያለ ችግር የሚያሳልፍ መሆኑን ገለጠ ይባላል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ተወዳዳሪዎቹ በዚሁ መንገድ ተነዱ። የዓመቱ አሸናፊ ለመሆን የበቃው ኦክታቭ ላፒዝ እንኳ ብስክሌቱን እየገፋ ዳገቱን በወጣበት ዕለት አዘጋጆቹን ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ጮኸባቸው።

ይህ ታሪክ በብስክሌተኞች ዘንድ እንደ ቀልድ ይተረካል። ለመንገድ መሪ ግን ቀልድ ሊሆን አይችልም። «መንገዱ ያሳልፋል» የሚለው ቃል የመንገድ መሪ ዋነኛ የሥራ ዕቃ ነው፤ ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለብስክሌቱ ወይም ለሚያድርበት አልጋ ሳይሆን ለዚህ ቃል ነውና። ቃሉ በወሰን ተራራ ላይ ሲነገር ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው መሬቱና ሰማዩ ያሳልፋሉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የመሬቱ ባለቤቶች ያሳልፋሉ ማለት ነው።

ፒሬኒስ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ከሜዲትራኒያን ባሕር እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ድረስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ከጫፎቹ ሁሉ የሚበልጠው አኔቶ 3404 ሜትር ይደርሳል። ሰንሰለቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡት በመንገድ መሪ የሚካሄዱ የተራራ ብስክሌት ጉዞዎች ከሳምንት በላይ ይፈጃሉ። ብዙውን ጊዜ ከምሥራቁ ባሕር ተነሥተው፣ በስፔን በኩል ባለው የደንና የእረኞች መንገድ ወደ ምዕራብ ያመራሉ፤ ጠመዝማዛው ሲደመር የሚጓዙበት ርቀት ከሰንሰለቱ ርዝመት እጥፍ ያህል ይሆናል። የሰሜኑ ተዳፋት ከአትላንቲክ የሚመጣውን ዝናብና ጉም ስለሚቀበል አረንጓዴና ረግረግ ሲሆን፣ የደቡቡ ደረቅና ድንጋያማ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከጠራራ ፀሐይ ወጥቶ፣ ጫፉን ተሻግሮ፣ ዐሥር ሜትር እንኳ በማያሳይ ጉም ውስጥ መግባት የተለመደ ነው።

የወሰኑን ነገር ያየን እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ነገሥታት በ1659 በተፈራረሙት የሰላም ውል ተራራው ራሱ ድንበር እንዲሆን ተስማሙ። በወረቀት ላይ ቀላል የነበረው ይህ ቃል በመሬት ላይ እስኪተረጐም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወሰደ። ከ1856 ጀምሮ በባዮን ከተማ በተደረጉት ውሎች መሠረት ነበር ወሰኑ እየተለካ፣ ከአትላንቲክ እስከ ሜዲትራኒያን ከ1 እስከ 602 ቁጥር የተሰጣቸው የወሰን ምልክቶች የቆሙት። መስመሩም ሁልጊዜ የተራራውን ጫፍ አይከተልም። የአራን ሸለቆ ውሃው በጋሮን ወንዝ ወደ ፈረንሳይ ሲፈስ መሬቱ የስፔን ነው፤ የቪዬላ ዋሻ በ1948 እስኪከፈት ድረስ ሸለቆው በክረምት ከገዛ አገሩ ተቆርጦ ይከርም ነበር። ሰርዳኛ በተባለው አውራጃ ደግሞ በ1660 ሠላሳ ሦስት መንደሮች ለፈረንሳይ ሲሰጡ፣ ዪቪያ «መንደር ሳትሆን ከተማ ናት» ተብሎ ስለ ተከራከሩላት እስከ ዛሬ ድረስ በፈረንሳይ መሬት የተከበበች የስፔን ከተማ ሆና ቀርታለች። አንድ ቃል ይህን ያህል መሬት ሲያስቀር ማየት ለሕግ ሰዎች ደስታ ሳይሆን አይቀርም።

የአገሩ ሰው የተራራ መተላለፊያን «ፖርት» ይለዋል። አማርኛ ጣርማ በርን «በር» ብሎ እንደ ጠራው ሁሉ፣ የእነርሱም ስያሜ ተራራውን የሚያየው እንደ ግንብ ሳይሆን በር እንዳለው ቤት ነው። መኪና ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። በስፔን ያለችው ቤናስክና በፈረንሳይ ያለችው ሉሾን በቀጥታ ቢለካ በመካከላቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም፤ እግረኛ 2444 ሜትር ከፍታ ባለው የቤናስክ በር በኩል ይሻገራል፣ ብስክሌተኛም አብዛኛውን መንገድ ብስክሌቱን ተሸክሞ ሊከተለው ይችላል። የተጓዦቹን ሻንጣ የሚይዘው መኪና ግን ሰንሰለቱን ዞሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። እንግዲህ መንገድ መሪው ከበሩ ላይ ሆኖ «እንመለስ» ቢል፣ ደረቅ ልብሱም ራቱም መኝታውም ከተራራው ወዲያ ማዶ ናቸው። ብዙ መንገድ መሪዎች ሊመለሱ ሲገባቸው ወደ ፊት የሚገፉት በድፍረት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

በምዕራቡ በኩል፣ ሮንካል በተባለው የስፔን ሸለቆና ባሬቱስ በተባለው የፈረንሳይ ሸለቆ መካከል፣ በየዓመቱ ጁላይ 13 ቀን በቁጥር 262 የወሰን ድንጋይ ዘንድ አንድ ሥርዐት ይፈጸማል። የባሬቱስ ሰዎች ለሮንካል ሰዎች ሦስት ጊደሮች ያስረክባሉ፤ እጅ በእጅ ላይ ተደርቦም የሰላም ቃል ይነገራል። መሠረቱ ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ደም ያፋሰሰ ጠብ በሽማግሌ ዳኝነት የታረቀበት የ1375 ፍርድ ነው። ነገሥታቱ ከተዋዋሉበት ዘመን በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ በመንግሥታቱ መካከል ስንት ጦርነት ሲያልፍም እረኞቹ ውላቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት የጫፍ መንገድ አብዛኛው በእንዲህ ያለ ውል የተከፈተ የከብት መንገድ ነው። ብስክሌተኛው በዚህ ውል ውስጥ ስሙ የለም፤ ጊደርም አልከፈለም።

መብቱ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። በ1967 የተቋቋመው የፈረንሳይ የፒሬኒስ ብሔራዊ ፓርክ በማዕከላዊ ክልሉ የእግር መንገዶች ላይ ብስክሌት መንዳትን ከልክሏል። ክልከላ በሌለበት ስፍራም ቢሆን፣ ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ፍሬን ይዞ ጎማ የሚያንሸራትት አንድ ሰው የሚሰነጥቀው ሣር በቀጣዩ ጐርፍ ቦይ ይሆናል፤ ያን ቦይ በየበጋው የሚያየው እረኛ ስለ ብስክሌተኞች ሁሉ ፍርዱን ይሰጣል።

ከዚሁ ጋር የውሾቹ ጉዳይ አለ። በ1996ና በ1997 ከስሎቬንያ የመጡ ድቦች በፒሬኒስ ከተለቀቁ ወዲህ፣ ብዙ እረኞች መንጋቸውን በታላላቅ ነጫጭ ጠባቂ ውሾች ማስጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። ውሻው በበጎች መካከል ያደገ፣ እንደ መንጋው አባል የሚቈጠር ነው፤ በፍጥነት የሚመጣን ነገር ሁሉ አውሬ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ መንገድ መሪው መንጋውን ገና ከሩቅ ሲያይ ተጓዦቹን ሁሉ ከብስክሌት ያስወርዳል። ብስክሌቱ በሰውዬውና በውሻው መካከል ይሆናል፤ ዱላ አይነሣም፣ ውሻውንም ትክ ብሎ ማየት አይገባም፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ እየተናገሩ መንጋውን በሰፊው ዞሮ በእግር ማለፍ ነው። ይህ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስጠፋል። ቁልቁለቱን በአንድ እስትንፋስ ለመውረድ የተዘጋጀ ደንበኛ ያጉረመርማል። ማጉረምረሙን መስማትም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ ማታ ላይ ለዚያው እረኛ ሰላምታ የሚሰጠው፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ሌላ ቡድን ይዞ የሚመለሰው መንገድ መሪው እንጂ ደንበኛው አይደለምና።

በእነዚህ በሮች ሰው መምራት ከመዝናኛነት በፊት የሞትና የሕይወት ሥራ ነበር። በ1939 መጀመሪያ ላይ በእርስ በርሱ ጦርነት የተሸነፈውን ወገን የተከተለ ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ ከስፔን ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ዓመት ተመንፈቅ ያህል ቆይቶ ስደቱ አቅጣጫውን ገለበጠ። በመስከረም 1940 ሊዛ ፊትኮ ከባኒዩልስ ወደ ፖርትቡ ካሻገረቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ጸሐፊ ዋልተር ቤንያሚን ነበር። እርሷ ራሷ መንገዱን ከዚያ በፊት አታውቀውም፤ የባኒዩልስ ከንቲባ የነገራትን ይዛ ነበር የወጣችው። ቤንያሚን የልብ ሕመምተኛ ስለ ነበር በሰዓቱ እየቈጠረ ዐሥር ደቂቃ ይሄዳል፣ አንድ ደቂቃ ያርፋል፤ ሳይደክም በፊት ማረፍ እንዳለበት ያውቅ ነበርና። በዚህ አካሄድ ተራራውን ተሻገረ። ፖርትቡ ሲደርስ ወደ ፈረንሳይ እንደሚመለስ ተነገረው፤ በዚያው ከተማ ሕይወቱ አለፈ። ፊትኮ ከባሏ ጋር እስከ 1941 ድረስ ሌሎችን ማሻገር ቀጠለች።

ያ የዐሥር ደቂቃ አካሄድ ዛሬም ለብስክሌት ቡድን የሚሠራ ነው። በብዙ ቀን ጉዞ ላይ ቡድንን የሚፈታው የመጀመሪያው ቀን ጕልበተኛ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጕልበቱ ሲያልቅ የሁሉንም ሰዓት ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዳገት ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ ደካማው ተጓዥ መሆን አለበት። ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ትርፍ ካላማዳሪ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የማርሽ መቀየሪያው የሚሰቀልባት ትንሽ ብረት፣ ከሁሉም በላይ ትርፍ የፍሬን ሸራ። ከሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ጀማሪ ዲስኩን ያግላል፤ ፍሬኑም በሚያስፈልገው ጊዜ አይታዘዘውም።

ወሰኑ ራሱም አንዳንድ ጊዜ ሕያው መሆኑን ያስታውሳል። ከ1995 ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው የኬላ ፍተሻ ቢቀርም፣ በ2021 መጀመሪያ ፈረንሳይ ብዙ ትናንሽ መተላለፊያዎችን ዘጋች፤ የባኒዩልስ በርም በቋጥኝ ተዘጋ። የሻንጣውን መኪና በዚያ አሳልፋለሁ ብሎ ያቀደ ሁሉ እንደገና ካርታ መዘርጋት ነበረበት። በሕግም በኩል በአንዱ አገር የተሰጠ የመሪነት ፈቃድና ዋስትና በሌላው የሚሠራ መሆኑን ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ይገባል። በአደጋ ጊዜ በሁለቱም በኩል የሚደወለው 112 ነው፤ ሆኖም ነፍስ አድኑ ከየትኛው አገር እንደሚመጣ የሚወስነው የወደቀው ሰው ከጫፉ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ነው።

በበጋ ወራት ነጐድጓድ በብዛት የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ጠንቃቃ መንገድ መሪ ማታውኑ፣ ሁሉም ራት ላይ ሳለ፣ የማግስቱን የመመለሻ ሰዓት ይናገራል፤ «ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ካልደረስን፣ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረንም እንመለሳለን» ይላል። ለሹፌሩም በዚያው ሌሊት ሁለት የመገናኛ ስፍራ ይሰጠዋል፤ አንዱ ከተራራው ወዲያ፣ አንዱ ከተራራው ወዲህ። ሹፌሩ ስልክ በሚሠራበት የመጨረሻው መንደር ቆሞ፣ ስድስት ሰዓት ሆኖ መልእክት እስኪደርሰው ድረስ ወደ ዋሻው አይነዳም።