አንድ መኪና፣ ብዙ ስም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ መኪና ዓርማ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ርእሱ ከመሐንዲስ ይልቅ ለነጋዴ የሚስማማ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ታክሲ ነጂ ላይ ያደረስሁት በደል ትዝ አለኝና ጥሪውን ተቀበልሁ። ነገሬንም ከዚያው ልጀምር። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ ላሳስብ።)

በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በአዲስ አበባ እሠራበት ወደነበረው ጋራዥ አንድ ባለ ላዳ የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎበት መጣ። የላዳ መለዋወጫ በገበያ የጠፋበት ወቅት ነበር። እኔ ደግሞ ላዳ ማለት ፊያት 124 ማለት ነው ብዬ አምን ነበር። በመጽሐፍም ላይ የሁለቱ ሞተር 1200 ተብሎ ተጽፎ ስላየሁ፣ የፊያቱን ጓርኒሲዮን ገዝቶ እንዲመጣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አዘዝሁት። ሰውየው ገንዘብ ተበድሮ ገዝቶ መጣ። ዕቃውን ብሎኩ ላይ ባሳረፍሁት ጊዜ ግን ቀዳዳው ከሲሊንደሩ አፍ ጠበበ፤ የቡሎኖቹም ቦታ አልገጥም አለ። ሻጩ ማሸጊያው የተቀደደ ዕቃ አልመልስም ብሎ መለሰው። ነጂው ሦስት ቀን ያለ ገቢ ዋለ። በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነበርና፣ “አንድ ናቸው አላልኸኝም ነበር እንዴ፣ ልጄ?” አለኝ እንጂ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም።

የሁለቱ መኪኖች ዝምድና በእርግጥ እውነተኛ ነው። ፊያት 124ን ለገበያ ያቀረበው በ1966 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ውል ተፈራረመ። በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ቶልያቲ በተባለችው ከተማ በተሠራው ፋብሪካም ምርቱ በ1970 ተጀመረ። መኪናው በአገሩ ዢጉሊ፣ በውጭ ደግሞ ላዳ ተባለ። ይሁን እንጂ የሶቪየት መሐንዲሶች ለመንገዳቸውና ለብርዳቸው ሲሉ ብዙ ነገር ለወጡ። ላሜራውን አወፈሩት፤ መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ተኩት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሞተሩ ላይ የተደረገው ለውጥ ነው። በፊያቱ ካምሻፍቱ በብሎኩ ውስጥ ሲገኝ፣ በላዳው ከቴስታው ላይ ወጣ። የፊያቱ ሲሊንደር ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 71.5 ነው፤ የላዳው ስፋት 76፣ ጉዞው 66 ነው። ማባዛቱን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ለአንደኛው 1197፣ ለሁለተኛው 1198 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ታገኛላችሁ። በወረቀት ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ልዩነት የነበረው ነገር በዚያ ሰው ላይ የሦስት ቀን እንጀራ ሆነ።

ላዳ በፊቱ ፊያትን ይመስላል፤ በልቡ ግን ሌላ ነው። በሙያው አጠራር ባጅ ኢንጂነሪንግ የሚባለው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም የፊት ፍርግርጉን፣ መብራቱንና ዓርማውን ለውጦ ያንኑ መኪና በሌላ ስም መሸጥ ማለት ነው። በብሪታንያ ቢ.ኤም.ሲ. በ1962 ሞሪስ 1100 ብሎ ያወጣውን መኪና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦስቲን፣ ኤም.ጂ.፣ ዎልስሊ፣ ራይሊና ቫንደን ፕላስ እያለ በስድስት ስም ይሸጠው ነበር። ኩባንያዎቹ ቢዋሐዱም የየስሙ ሻጮች አልተዋሐዱምና እያንዳንዱ የራሱን ዓርማ ይሻ ነበር።

ለትምህርት የሚበጀው ግን የካዲላክ ታሪክ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአልፍሬድ ስሎን መሪነት ዓርማዎቹን እንደ ደረጃ አሰልፎ ነበር። ገዢው ከሼቭሮሌ ጀምሮ ኑሮው እየተሻሻለ ሲሄድ በፖንቲያክ፣ በኦልድስሞቢልና በቢዩክ አልፎ ካዲላክ ላይ ይደርሳል። ኩባንያው ለ1982 ሞዴል ዓመት ጄ ብሎ በሰየመው አንድ ንድፍ ላይ ለአምስቱም ደረጃ መኪና አወጣ። የሼቭሮሌው ካቫሊየር፣ የካዲላኩ ሲማሮን ይባል ነበር። ሲማሮን የቆዳ መቀመጫና የአሉሚኒየም ቸርኬ ነበረው፤ ሞተሩ ግን በካቫሊየር ውስጥ ያለው ያው ባለ 4 ሲሊንደር 1.8 ሊትር ነበር። ካዲላክ ከ1914 ወዲህ ባለ 4 ሲሊንደር መኪና አቅርቦ አያውቅም። ዋጋው ከ12,000 ዶላር በላይ ሆኖ ካቫሊየርን በብዙ ሺህ ዶላር ይበልጥ ነበር። ገዢው አልተታለለም፤ ሲማሮን በ1988 ከገበያ ወጣ። በ1983 ፎርቹን መጽሔት የዚሁ ኩባንያ የሆኑ፣ አራት ዓርማ የያዙ አራት መኪኖችን በሽፋኑ ላይ ጎን ለጎን አሰልፎ አንዱን ከሌላው መለየት እንደሚያስቸግር አሳይቶ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ኩባንያውን የጎዳው የሲማሮን ኪሳራ ብቻ አይደለም። ወደ ላይኛው ደረጃ የወጣ ሰው እዚያም ያንኑ የታችኛውን መኪና ማግኘቱ ደረጃውን ራሱን ትርጉም አሳጣው።

በዓርማና በብረት መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ግን ከካሊፎርኒያው የፍሪሞንት ፋብሪካ የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም። ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በ1984 በሽርክና ባቋቋሙት በዚህ ፋብሪካ፣ በአንድ መሥመር ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሠራተኞች እጅ ቶዮታ ኮሮላና ጂኦ ፕሪዝም ይገጣጠሙ ነበር። ሁለቱ በሞተርም በሻሲም መንትዮች ነበሩ። ሆኖም አሜሪካዊው ገዢ ኮሮላን መረጠ፤ ፕሪዝም አሮጌ ሆኖ ሲሸጥ ዋጋው ከኮሮላው ይልቅ ቶሎ ይወድቅ ነበር። ገዢው ሁሉ ሞኝ ነው ማለት አይቻልም፤ በዓርማው ውስጥ የሻጩን ጠባይና የቆየ ስሙን ያነብ ነበር። ቢሆንም ፕሪዝምን አገልግሎ በቅናሽ የገዛ ሰው ኮሮላ ገዝቷል። የእኛ የጋራዥ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ከሻጩ ቀድመው ያውቃሉ፤ በጃፓን ቪትዝ የተባለው በሌላ አገር ያሪስ መባሉን ለአዲስ አበባ መካኒክ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልግም።

እንግዲህ ንድፍ መጋራት በራሱ ነውር አይደለም። ፎልክስቫገን ከ2012 ጀምሮ ጎልፍን፣ አውዲ ኤ3ን፣ ስኮዳ ኦክታቪያንና ሴያት ሌዮንን በአንድ መሠረት ላይ ሲሠራ ሕግም ሕሊናም አልጣሰም፤ ዓይን የማያየው ነገር ለምን አራት ጊዜ ይነደፋል? ዓርማ የሚነግረን ማን እንደሚሸጠውና ማን እንደሚጠየቅበት ነው፤ በውስጡ ያለውን አይነግረንም። ይህን የመለየት ግዴታ የወደቀው በሙያተኛው ላይ ነው።

ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ ነፍስን የሚነካበት ጊዜም አለ። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የነደፉት የኤሌክትሪክ መኪና በቶዮታ ስም ቢዚ4ኤክስ፣ በሱባሩ ስም ሶልቴራ ይባላል። በሰኔ 2022 የጎማዎቹ ቡሎኖች በጉዞ ላይ ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ እንደሚችል ታወቀ፤ ቶዮታ 2,700 ያህል፣ ሱባሩ 2,600 ያህል መኪኖች ለጥገና እንዲመለሱ ጥሪ አደረጉ። ጉድለቱ አንድ፣ ጥሪው ሁለት ነበር። የመጀመሪያውን ጥሪ ብቻ የሰማ ባለሙያ የሱባሩን ጎማ ለማየት ምክንያት አይኖረውም። በሁለተኛ፣ በሦስተኛ እጅ ወደ አገራችን ለሚገባ መኪና ደግሞ ባለቤቱ በፋብሪካው መዝገብ ላይ ስለማይገኝ ከሁለቱ አንዱም ጥሪ ላይደርሰው ይችላል። መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በጋራዦቻችን የምናያቸው አዳዲስ ዓርማዎች በዝተዋል። የአንዱ ባትሪ ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ፣ በየትኛውም ላይ ልዩነቱ እንደሚጀምር ከኮፈኑ ዓርማ ሊነበብ አይችልም፤ የሻሲ ቁጥሩንና በዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚያች የጓርኒሲዮን ቀን ጀምሮ መንትያ መኪኖችን የምመዘግብበት ደብተር ይዤ ኖሬአለሁ። በአንድ ወገን የሚመሳሰሉበትን፣ በሌላው ወገን የሚለያዩበትን ዕቃ ከነልኩ ጽፌበታለሁ። የመጀመሪያው መሥመር 73 እና 76 ይላል። ደብተሩ ያልተሟላ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መኪና ወገን ገና ጥቂት ገጽ ብቻ ነው ያለው። ማኅበሩ ቢፈቅድ፣ እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ያለፈውን እየጨመራችሁበት ለየጋራዡ የሚዳረስ መዝገብ እንዲሆን ዛሬ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቤዋለሁ።