የበጋ አበባ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በመስከረም ጉለሌን ማስጌጥ ማንንም አያቅትም፤ አደይ አበባ ሳይዘሩት ይበቅላልና። የአትክልተኛ ብልሃት የሚፈተነው ከኅዳር በኋላ፥ ዝናሙ ሲቀርና ሣሩ ሲገረጣ ነው።

ሴት አያቴ ከታመሙ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፉት በአንድ መስኮት አጠገብ ነው። ዓምና በጥር የሚታያቸው ደረቅ አፈር ብቻ ስለ ነበረ፥ እኔ ከበርሜሉ እየቀዳሁ አበባ ማጠጣት ጀመርሁ። እናቴም፥ «ልጄ፥ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ለወጡም ለልብሱም አይበቃን» ብላ ከለከለችኝ። እውነትዋን ነበረ፤ እኔም አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ መርምሬ የተረዳሁት ይህን ነው። በአውሮፓ ቀዝቃዛው ወራት ለተክል ፀሐይ ያንሰዋል፤ በኛ በጋ ግን ፀሐይ ሞልታ ውሃ ይጐድላል። ሌሊትም ሰማዩ ጥርት ስለሚል የምድሩ ሙቀት ያመልጥና ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ በጋን የሚያሸንፈው የውሃ ብዛት ሳይሆን የተክል ምርጫ ነው።

አንደኛው እሬት ነው። ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል። በአገራችን ብቻ የሚገኙ የእሬት ዓይነቶችም አሉ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኢንገር ኖርዳል ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶች መጽሐፍ አሳትመዋል።

ሁለተኛው በገና ሰሞን በየግቢው ቀልቶ የምናየው ፖይንሴቲያ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው። አበባ የሚመስለን ቀዩ ነገር ቅጠል ነው፤ የሚቀላውም ሌሊቱ ሲረዝም ስለ ሆነ፥ መብራት በሚያድርበት ቦታ አይተከልም። ውርጭ ስለሚጐዳው ፀሐይ በሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ይተከላል። ወተቱ ዐይን ያቃጥላልና ሕፃናት አይንኩት።

ሦስተኛው በጣሳ የሚተከለው ጄራንየም ነው፤ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል።

ተክሎቹን በሐምሌ ዝናም ተከልኋቸው። ዝናሙ ሲቆም እርጥበቱ እንዳያመልጥ ሥራቸውን በጭድ ሸፈንሁ፤ ጧት ጧትም ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ አጠጣኋቸው።

እሬቱ ገና አላበበም። ፖይንሴቲያው ግን በታኅሣሥ ቀላ፤ አያቴም መጋረጃውን እንድገልጥላቸው በየማለዳው ይጠሩኛል። የጎመኑን እጣቢ ዛሬ የምታስቀምጥልኝ ራስዋ እናቴ ናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛ በሰኔ እንሰናበታችኋለን። ከክፍላችን ፊት ያለው መደብ ዛሬም ባዶ ነው። እኔ የእሬት ቡቃያ አመጣለሁ፤ እናንተ ጭዱን አምጡ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።