ፉናፉቲ በዝናብ ወራት

እሷ፦ ሰው ፓስፊክ ድረስ የሚሄደው ፀሐይ ፍለጋ ነው። አንተ ደግሞ ቱቫሉን በዝናቡ ወራት እዩዋት ትላለህ!

እሱ፦ አዎ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ። ደሴቶቹ ላይ ወንዝ የሚባል ነገር የለም። የሚጠጣው ከጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናቡ ሲጠፋ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደርሷል። ዝናቡን የሚያማርር እንግዳ ብቻ ነው።

እሷ፦ መንገዱስ? አውሮፕላኑ ከፊጂ ነው የሚነሳው፤ እሱም በሳምንት ጥቂት ቀን። ሰማዩ ከከበደ...

እሱ፦ ይዘገያል፤ ቀጠሮ የሚያጣድፈው ሰው ባይሄድ ይሻለዋል። የአገሪቱ ዋና ከተማ የፉናፉቲ ማረፊያ ግን ራሱ ትዕይንት ነው! አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ማኮብኮቢያ ሲመሽ የኳስ ሜዳ ይሆናል። አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ይጮኻል፤ ልጆቹ ኳሳቸውን፣ ሞተረኛውም ሞተሩን ይዞ ገለል ይላል።

እሷ፦ በዝናብም ይጫወታሉ?

እሱ፦ ምን ገዷቸው!

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የካቲት አካባቢ ባሕሩ ከፍ ሲል ውሃው በዳርቻ ብቻ አይደለም የሚገባው። መሬቱ ኮራል ስለሆነ ከሥር ይፈልቃል፤ ጓሮ መሃል ጨዋማ ኩሬ! ያንን ፎቶ ለማንሳት መሄድ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አይለኝም።

እሱ፦ ፎቶውን ተይውና የሚተክሉትን ጠይቂ። ፑላካ የሚሉት ሥራ ሥር የሚበቅልባቸው ጉድጓዶች ጨው እየገባባቸው ነው። ብዙው ሰው አሁን የሚበላው በመርከብ የሚመጣ ሩዝ ነው።

እሷ፦ መርከቡ የዘገየ ዕለትስ?

እሱ፦ የሱቁ መደርደሪያ ይሳሳል። እንግዳ ስንቁን ይዞ ይሂድ የምለው ለዚህ ነው።