የመንገዱ ፍርግርግ የወንዝ አፍ ነው
(ለወላጆችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየሕንፃችን ደጃፍ ያለ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በመንገድ ዳር ባለው የብረት ፍርግርግ ይገባል። ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? «ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ሄዶ ይጣራል» የሚል ብዙ ሰው አለ። እንደዚያ አይደለም። በእስራኤል ከተሞች መስመሩ ሁለት ነው። የቤት ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የመንገዱ ውሃ ግን በአብዛኛው ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ይወርዳል። አሽዶድ ላይ ላኪሽ፣ ቴል አቪቭ ላይ ያርቆን የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ አገር ከፋሲካ በኋላ እስከ ሱኮት ዝናብ እምብዛም የለም። በእነዚህ ወራት ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ከጎማ የሚረግፍ ብናኝ፣ የሲጋራ ቁራጭና ፌስታል አስፋልቱ ላይ ይከማቻል። ከዚያ ዮሬ፣ ኦሪት የሚያነሣው የፊተኛው ዝናብ፣ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይወስደዋል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ባሕር ውስጥ አትግቡ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሕግ የለም ወይ? አለ። በ1957 የጎርፍ ማፋሰሻ ሕግ ወጣ። በ1959 የወጣው የውሃ ሕግ በ1971 ሲሻሻል ውሃ መበከልን ከለከለ። የ1984ቱ የንጽሕና ሕግ ደግሞ በሕዝብ ቦታ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል። ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ለማፋሰሻ መሥሪያ የሚሆን ክፍያ ከባለንብረት ይሰበስባሉ።

መፍትሔም ታይቷል። በ2010 ክፋር ሳባ ላይ ባዮፊልተር የሚባል ተሠራ። የመንገዱ ውሃ በዕፅዋት፣ በአሸዋና በጠጠር መካከል እየሰረገ ይጣራል፤ ከዚያ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ቤተ እስራኤል በጎንደር መንደሩን በወንዝ አጠገብ ይመሠርት የነበረው ለመንጻት የሚፈስ ውሃ ስለሚያስፈልገው ነው። ወንዝ መበከል ምን ማለት እንደሆነ ወላጆቻችን አስተማሪ አያሻቸውም። መነገር ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ያ ፍርግርግ የወንዝ አፍ ነው። ስለዚህ የወለል እጣቢ፣ የመጥበሻ ዘይት፣ የቀለም ብሩሽ የታጠበበት ውሃ እዚያ አይደፋ።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛ፣ ከበዓላት በፊት በሰፈራችሁ ዙሩ፤ የተደፈነ ፍርግርግ ካያችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውሉ፣ የአቤቱታውንም ቁጥር ያዙ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ጎረቤቶች እናንተ ደውሉላቸው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ ረጅም ሕንፃ ሲታቀድ አፈሩ በአስፋልት ይሸፈናል፤ ዝናቡም የሚሰርግበት ያጣል። ፕላኑ ለሕዝብ ሲቀርብ «ውሃው የት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተቃውሞ የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ፣ ጎርፉ ምድር ቤታችን ሲገባ መጮህ ብቻ ነው የሚቀረን።

ዮሬን በረከት አድርጎ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። መንገዱን ጠርጎ መቀበል የእኛ ፈንታ ነው።