ፍጥነት ብቻውን

እሱ፦ ብቸናና ሞጣ ሆናችሁ በስልክ ቼዝ የምትጫወቱ፣ ዛሬ የቼዝ ተጫዋቹን ሂካሩ ናካሙራን እናንሳ። ብርታቱ ምኑ ላይ ነው?

እሷ፦ ፍጥነቱ ነዋ! ተጋጣሚው ሳያንቀሳቅስ የራሱን ቀጣይ እርምጃ አዝዞ ይጠብቃል። የቼስ ዶት ኮምን የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮና ከ2018 እስከ 2022 በተከታታይ ወስዷል፤ በፈረንጆቹ።

እሱ፦ የእኛም ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ እኮ በወረራ ነው የሚጀምረው። አንዱ እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ግን ወረራው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማሰብ ነው።

እሱ፦ ናካሙራ አያስብም ልትዪ ነው?

እሷ፦ ኧረ አልወጣኝም! በ2023ቱ የዚሁ ሻምፒዮና ፍጻሜ ግን ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን አሸንፎታል።

እሱ፦ በአንድ ነጥብ ብቻ!

እሷ፦ ይሁን። እኔን የሚያሳስቡኝ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀዱት ናቸው። ደግሞ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሰዓቱ አይቆምም!

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው።

እሷ፦ እንግዲህ ወጣቶች፣ ከሦስት ደቂቃው ጨዋታ በፊት የአሥር ደቂቃውን ተለማመዱ፤ የተሸነፋችሁበትንም መልሳችሁ እዩ።